ጦቢያ ልንላት ነው

ስቶክሆልም፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴና ለውድ አባቴ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅቷም ደህና ናት። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች፤ ስትጠባ ትንሿን እጇን ጨብጣ ደረቴ ላይ ታሳርፋለች። ባለቤቴ ገንፎ ማገንፋት ተምሯል። እማዬ የላክሽው በርበሬና ቅቤም ስላለ የአራስ ቤት ወጉ አልጎደለብኝም። የጎደለው አንቺ ነሽ። ፀሐይ አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ መስኮቱ ሲጨልም የእናንተን በረንዳና የከዚራን ዛፎች አስባለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጀመርነው የስም ነገር ሳያልቅ ስለተቋረጠ ነው ብዕር ያነሣሁት። እማዬ፣ «ጦቢያ የአገር ስም እንጂ የልጅ ስም ነው እንዴ? የእናቴ ስም እያለ!» ብለሽ ተቆጣሽ። አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ዝም አሉ። ከእማዬ ቁጣ ይልቅ የእርስዎ ዝምታ ከበደኝ። በማግሥቱ ታናሽ ወንድሜ ያሉትን ነገረኝ፤ «ጦቢያ የተባለችበትን መጽሐፍ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ግን የጻፈው ሰው ለጣልያን ያደረ ሰው ነው» ብለዋል አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ።

አስቀድሜ ለእማዬ ልመልስ። እዚህ አገር ልጅ በተወለደ በ3 ወር ጊዜ ውስጥ ስሙ ለግብር መሥሪያ ቤት መነገር አለበት፤ የሕዝቡን መዝገብ የሚይዘው እሱ ነውና። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗን ኅዳር 17 ትሞላለች፣ የመንግሥቱ ቀን ደግሞ ኅዳር 29 ያበቃል። ሕፃናትን እየዞረች የምታይ አንዲት ነርስ አለች፤ ደግ ሴት ናት። ስሟን ስነግራት ሦስት ጊዜ ሞከረችና «ቶቢያ» አለች። ጦ የሚለው ድምፅ በአፋቸው የለም። ቀጥላም «ቶቢያስ እኮ እኛ ዘንድ የወንድ ስም ነው» አለችኝ።

እማዬ፣ ያኔ መጽሐፍ ቅዱስሽ ትዝ አለኝ። በመጽሐፈ ጦቢት፣ የጦቢት ልጅ ጦብያ አባቱ ልኮት ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ በመንገዱ አብሮት የተጓዘው መልአክ ማን ነበር? ቅዱስ ሩፋኤል አይደለም? ልጄስ የተወለደችው መቼ ነው? ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት! በዚያ ቀን ደመና በዞረ ቁጥር ልብሳችንን አስወልቀሽ ወደ ግቢው ታወጪን ነበር። ዝናቡ ጠበል ነው ብለሽ፣ የጎረቤቶቻችንን የኦሮሞና የሱማሌ ልጆችም ጨምረሽ በአንድ ላይ ታጥቢን ነበር። ስሙን የመረጥኩት ይህን አስቤ አልነበረም፤ ከመረጥኩ በኋላ ነው ያየሁት። ሳየው ግን አለቀስኩ። የክርስትና ስሟን ካህኑ ያወጣሉ። የአያቴን ስም ደግሞ አንቺ ጥሪያት፤ አያት የራሷን ስም ማውጣት ወጉ ነው፣ እኔም በሁለት ስም ነው ያደግሁት።

ሌላ ስም አልፈለግንም እንዳትሉ። እዚህ ያሉ ወዳጆቻችን ለፈረንጅ አፍ የሚቀል አጭር ስም እንድናወጣ መክረውን ነበር፤ ያን አልወደድኩትም። ለነርሷ አፍ ብዬ የልጄን ስም አላሳጥርም። ባለቤቴ ሰብለ ወንጌልን ፈልጎ ነበር። ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ እየሰሙ ካደጉት ወላጆቹ ነው ፍቅሩ የተጋባበት። እኔም ሰብለን እወዳታለሁ፤ ስለ እሷ ያላለቀሰ ማን አለ? ነገር ግን መጨረሻዋ ምንኩስናና መቃብር ነው። ገና ዓለምን ለማየት ዓይኗን ላልገለጠች ልጅ ያን ኀዘን ማሸከም አልሆነልኝም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፣ አባባ።

መብራት የጠፋበትን ያን ሰሞን ያስታውሱታል? ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲመለሱ እጅዎ ታጥቦም ግራሶ ግራሶ ይሸት ነበር። በረንዳው ላይ ፋኖስ አስቀምጠው የጦቢያን ታሪክ የያዘችውን ያችን ቀጭን መጽሐፍ ያነቡልን ጀመር። ከሁሉ አስቀድመው የነገሩን ይህን ነው፤ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ታተመች፣ በአማርኛ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ልብ ወለድ ናት፣ ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ቃልም የራሷ የመጽሐፏ ርዕስ ነበር። ከዚያ ደግሞ በለገሀር በኩል ስናልፍ ወደ ባቡር ጣቢያው እያመለከቱ «የጻፋት ሰው፣ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ እዚችው ከተማችን የጉምሩክ ሹም ነበር» አሉኝ። ለእኔ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የሚኖረው በሌላ ዓለም ነበር። እኔ በምረግጠው አሸዋ ላይ የረገጠ ሰው መጽሐፍ መጻፉን ስሰማ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም።

ሰውየው በኋላ ያደረገውን አውቃለሁ። ጣልያን አገራችንን ሲወር ከወራሪው ጋር ወገነ፤ «አፈ ቄሣር» ተባለ፤ አርበኛው በየዱሩ ሲወድቅ እሱ ሹመት ተቀበለ። ይህን ላቀልለው አልፈልግም፤ የእርስዎም አባት በዚያ ዘመን የደረሰባቸውን ሲነግሩን ሰምቻለሁ። ነገር ግን አባባ፣ መጽሐፉ የታተመው ከወረራው 28 ዓመት ቀድሞ ነው። ልጄን በአፈወርቅ ስም አልጠራሁም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ጦቢያ ለማንም አላደረችም። እሱ ቢከዳም እሷ አልከዳችም፤ ደግሞም ስሟ ገበሬው አገሩን ሲጠራ የሚለው ስም ነው፣ ጸሐፊው ሊሸጠው የማይችለው።

የመረጥኩበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ በግልጽ አልነገርኩዎትም። በመጽሐፉ የጦቢያ አባት በጦርነት ተማርኮ ለባርነት ሲዳረግ አንድ የማያውቀው ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ አወጣው። ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ወጣ፤ እሱም በመንገድ ተይዞ ባሪያ ሆነ። ያኔ አባትና ሴት ልጅ ሊፈልጉት ተነሡ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጎን በእግሯ ሄደች። እርስዎ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቆሙና ያዩኝ ነበር። «አንቺስ ትከተይኝ ነበር?» ይሉኛል። እኔም «እከተልዎታለሁ» እላለሁ። የቀረውን ታሪክ፣ ንጉሡን፣ ሠርጉን፣ መገናኘታቸውን እንኳ ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁ። ያቺን መንገድ ግን አልረሳኋትም።

ከድሬዳዋ የወጣሁ ዕለት የተከተሉኝ እርስዎ ነዎት። ብቻዬን እሄዳለሁ ስል እምቢ ብለው እስከ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ብዙ አልተነጋገርንም። ሙዝ ልጠው ሰጡኝ፤ ራሴን ትከሻዎ ላይ ጥዬ ተኛሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ደግሞ ከዚህ ወዲያ አይገባም ተብለው ቆሙ። ዞር ብዬ ሳይ ባርኔጣዎን አውልቀው በሁለት እጅዎ ይዘውት ነበር። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ለልጄ ስም ስፈልግ የመጣችልኝ ከአባቷ ጎን የምትሄደዋ ልጅ ናት። ስሙን ከመጽሐፍ አገኘሁት ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ እውነቱ ግን ከእርስዎ አፍ ነው ያገኘሁት።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንዎ። መጽሐፏ እቤት ካለች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጅቷን ስም በእጅ ጽሕፈትዎ ጽፈው፣ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጡልኝ። ገጿ ቢበጣጠስም ግድ የለኝም። እማዬ፣ አንቺም ከቀፊራ የምትገዢውን ዕጣን ጠቅልለሽ አብረሽ ላኪልኝ።

ደግሞም ከኅዳር 17 በፊት፣ እማዬም አባባም አብራችሁ ሆናችሁ ደውሉልን። እዚህ ስሟን እኔና አባቷ ብቻ ነን በትክክል የምንጠራው። ጦ የሚለውን ድምፅ እንደሚገባው፣ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ከእናንተ አፍ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። ስልኩን ከጆሮዋ አጠገብ እይዘዋለሁ።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ናፋቂ ልጃችሁ