ለጳጉሜን 6 ልጄ

የኔ እመቤት፣

ትናንት በስልክ «እማዬ፣ ፎርሙ ላይ እኮ 12 ወር ብቻ ነው ያለው!» ብለሽ ስትናደጂ ሳቅኩብሽ። ይቅርታ። የሳቅኩት የራሴ ትዝ ብሎኝ ነው።

የልደት ካርድ ላወጣልሽ የሄድኩ ቀን፣ ጸሐፊው ወረቀቴን አየና «ጳጉሜን እኮ አምስት ናት፤ ተሳስተሻል» አለኝ። በ1995 ስድስት ነበረች አልኩት። ትንሽ አሰበና «ለምን መስከረም 1 አናደርገውም? የአንድ ቀን ነገር ነው» አለ። የአንድ ቀን! መስከረም 1 ካልን እኮ ዓመቱ 1996 ሊሆን ነው። ከወንበሬ ወይ ፍንክች አልኩ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የነበረውን የድሮ ካላንደር ገልብጦ አየና ጻፈልኝ። ፊቱ ግን ሙሉ በሙሉ ያመነኝ አይመስልም ነበር።

አትፍረጂበት። የአንቺ ቀን ድሮም ለመታመን ተቸግራለች። ጳጉሜን የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ተጨማሪ» ማለት ነው። የጥንት ግብፆች 12 ወራቸውን 30፣ 30 ቀን አድርገው ሲቆጥሩ አምስት ቀን ይተርፋቸው ነበር። እነሱንም የአማልክቶቻቸው ልደት አደረጓቸው፤ የኦሳይረስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የአይሲስና የኔፍቲስ። አምስቱ እንዲህ ተከብረው ሲኖሩ ስድስተኛዋ አልነበረችም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238፣ በንጉሥ ሦስተኛው በጥሊሞስ ዘመን፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ተብሎ ታወጀ። አዋጁ የተቀረጸበት ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ። ሰው ግን አልሠራበትም። ቀኗ የጸናችው ሮማውያን ግብፅን ከያዙ በኋላ፣ በአውግስጦስ ጊዜ ነው። እኔና ጸሐፊው ግማሽ ቀን መከራከራችን ከዚህ አንጻር ምንም አይደለም።

የእኛ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር፣ ነገሩን በራሱ ቋንቋ ነው የሚያስረዳው። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው። ዓመቱ ደግሞ 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ገደማ፣ ማለትም ከሩብ ቀን። ሩቧ አራት ዓመት ስትጠራቀም አንድ ቀን ትሆናለች፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅም ጳጉሜን ላይ ትታከላለች። አንቺ የተወለድሽው ሉቃስ ሊወጣ፣ ዮሐንስ ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀር ነው። የሆስፒታሉ መስኮት ክፍት ነበር። ከውጭ የችቦ ጭስ ይገባል። አዋላጇ «ለአዲስ ዓመት ልታቆያት ነው መሰለኝ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አልቆየሽም።

ስለ ሩፋኤል ደጋግሜ ነግሬሻለሁ፤ ልድገመው። ጳጉሜን 3 ነው። ርኅወተ ሰማይ ይሉታል፣ ሰማይ የሚከፈትበት። አያትሽ ከጠዋት ጀምራ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ትልቁን ሳፋ ግቢው መሃል፣ ከጣራው ፍሳሽ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ከቆርቆሮ የወረደ ውኃ ፀበል አይሆንም ባይ ናት። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ «ውጡ!» ትላለች። እኛ ልጆቹ ልብሳችንን ጥለን እንሮጣለን። ዝናቡ ይቀዘቅዛል፣ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፣ ግን ገባ የሚል የለም። ከሳፋው በጣሳ ቀድታ ቡሖው ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ የቀረውን በጠርሙስ ታስቀምጣለች። ያልዘነበበት ዓመትም ነበር። ያን ቀን አያትሽን ባታናግሪያት ይሻላል።

ጾሙንም የምትጾመው እሷ ነበረች። የጳጉሜኑ ጾም፣ ጾመ ዮዲት፣ የፈቃድ ስለሆነ እኔን አስገድዳኝ አታውቅም፣ በዓይኗ ግን ታየኝ ነበር።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ጳጉሜን አወቅሁ። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት ሲፈጥሩት ጥሩ አድርገዋል፤ የወር ደመወዝተኛ ግን የሚቀበለው የ12 ወር ነው። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንን ተሻግሮ፣ የበዓሉን ዶሮና ቅቤ ችሎ፣ መስከረም መጨረሻ መድረስ አለበት። ስድስት ቀን ስትሆን በተለይ ታስታውቃለች። ደግነቱ የቤት ኪራይም አይቆጠርባትም። አከራያችን ዓመቱን ሙሉ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር፤ በጳጉሜን ግን ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ስለ ቡና ብቻ ነው የሚያወራኝ። እኔ ወሯን የወደድኳት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ማንም ከማንም ሒሳብ አይጠይቅም።

ፎርሙ ላይ መስከረም 1 ብለሽ እንዳትሞዪ። ደውዪላቸው፣ እምቢ ካሉ በአካል ሂጂ። የልደት ካርድሽ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ሰማያዊው ፋይል ላይ ነው። በ2019 ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ 24 ዓመትሽን በራስሽ ቀን እናከብራለን፣ ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቂ።

ለሩፋኤል ግን ዘንድሮም ብትመጪ ደስ ይለኛል። ሳፋው አለ። ጠርዙ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ውኃ ይይዛል።

እናትሽ