የሳቅሁት እኔም ነኝ

ሚሚዬ፣

ይህን የምጽፈው አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል። ከሰኞ ጀምሮ በአፌ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ልጀምር ስል እናትሽ ትገባለች፣ ወይ ስልክ ይጮኻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩ ባይጮኽም አልናገርም ነበር። ታውቂኝ የለ።

ስለ እሑዱ ሠርግ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዘሽ ተቀምጠሻል። አክስትሽ የወጥ ሳህን ይዛ ስታልፍ «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ተነሥተሽ ሰው አታስተናግጂም?» አለችሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «የዛሬ ልጆች!» ያልኩትም እኔው ነኝ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ምንም ሳትዪ ተነሥተሽ የእንጀራ ትሪ ያዝሽ። ሦስት ዙር ዞርሽ። ቆጥሬያለሁ። ሰኞ ጠዋት ጣቶችሽ ማበጠሪያ መያዝ እምቢ ብለው እናትሽ ፀጉርሽን ስታበጥርልሽ በበሩ ክፍተት አየኋችሁ። አልገባሁም።

አክስትሽ ባታውቅ ነው። እኔስ? ሐኪሟ ሉፐስ ምን እንደሆነ ስታስረዳ አጠገብሽ ነበርኩ። በሽታን ሊከላከል የተፈጠረው የሰውነት ኃይል ዞሮ የራሱን ሰው ይወጋል አለችን። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ አንዳንዴም ኩላሊትን። በየቀጠሮው ሽንትሽ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ከ10 ታማሚ 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚጀምራቸውም ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ነው። ሰው ሁሉ ሥሪ፣ ሩጪ፣ አግቢ በሚልበት ዕድሜ ማለት ነው።

ስሙ እስኪታወቅ የሄዱት ሁለት ዓመታት ይቆጩኛል። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባለ። ቀጥሎ ደም ማነስ። ጉንጭና ጉንጭሽ ላይ ያ ቢራቢሮ የመሰለ ቅላት ሲወጣ ደግሞ አያትሽ «ምች ነው፣ ፀሐይ መትቷት ነው» ብለው ዳማከሴ አሹልሽ። ይገርምሻል፣ እሳቸው ስሙን ነው እንጂ ፀሐይዋን አልሳቱም። ፀሐይ ሕመምሽን እንደምትቀሰቅስ በኋላ ሐኪሟም ነገረችን። ምንም ያልታየኝ እኔ ነኝ። «ደከመኝ አባዬ» ስትዪኝ «እኔ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ስውል አይደክመኝም?» አልኩሽ። የእኔ ድካም በእንቅልፍ ይለቃል። ያንቺ አብሮሽ ተኝቶ አብሮሽ ይነሣል።

ዕድሜዬን በሙሉ በመብራት ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሽቦ ውስጥ ያለው አይታይም፤ ግን አይታይም ብሎ በባዶ እጁ የሚጨብጠው የለም። አንቺን ግን የመጀመሪያው የደም ምርመራ ምንም አላሳየም ስለተባለ ብቻ ምንም አልሆንሽም አልኩ። ቴስተሩ ሳይበራልኝ ስንቴ ነዝሮኛል!

ደግሞ ይሄ «ተስማማሽ» የሚሉሽ ነገር። ለሉፐሱ የምትውጪው ፕሬድኒሶሎን ፊትሽን ሲያሳብጠው «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይሉሻል፤ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ «አመሰግናለሁ» ትያለሽ። አንዷ ጎረቤታችን ምን ብታበሏት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ኪኒን ልላት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

የኪኒኑንም ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ባለፈው ዓመት «ኪኒኑን ጥላ ጠበሏን ትጠመቅ» ሲሉሽ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ፕሬድኒሶሎን በአንዴ እንደማይቋረጥ ተነግሮኝ ነበር እኮ። ስድስት ቀን ያለ ኪኒን ቆየሽ። በሰባተኛው አዝዬሽ ደረጃውን ወረድኩ፤ ክብደትሽ የልጅ ክብደት ሆኖብኝ ደነገጥኩ። የንስሐ አባታችን ሰምተው «ጠበሉም ኪኒኑም ከእግዚአብሔር ነው፣ ማን ተይ አላት?» ሲሉ መሬት መሬት ነው ያየሁት።

ዛሬ ማታ ለአክስትሽ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣች። «ፊቷ ደህና፣ ወሬዋ ደህና፣ ምኗን ነው የሚያማት?» አለችኝ። አንድ ቀን ደህና ሆነሽ በማግስቱ እንደምትወድቂ ነገርኳት። በመነካካት እንደማይተላለፍም ነገርኳት፤ ለካ እሱንም ስትሰጋ ኖሯል። ስለ ፀሐይም ነገርኳት፤ «አዲስ አበባ ብርድ አይደለም እንዴ?» አለች። እኔም እንደሷ ነበር የማስበው። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል፣ ደመናንም ያልፋል። ግማሽ ሰዓት አወራን። ገባት ብዬ አልዋሽሽም። «እሺ እንግዲህ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ሳስቀምጥ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ነው ያስረዳሁት። አንቺ ለስንቱ ታስረጃለሽ? መሥሪያ ቤት፣ ታክሲ ወረፋ፣ ለቅሶ ቤት። ከእንግዲህ ዘመድ ዘመዱን ለእኔ ተዪልኝ። ደስ ሲልሽ ብቻ መልሺ፣ ካልፈለግሽ «አባቴን ጠይቁት» በያቸው።

የኔ እናት፣ ለዚያ ሳቅ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬውኑ ካላደረግሽ አልቀየምም።

ዓርብ የዓይን ቀጠሮሽ ነው። ሌላው ኪኒንሽ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኩይን፣ ለዓመታት ሲወሰድ ዓይን መታየት እንዳለበት ሐኪሟ ያለችውን አልረሳሁም። እኔ ነኝ የምወስድሽ፣ ከሥራ አስፈቅጃለሁ። የጃንጥላሽ አንዱ ዘንግ ተሰብሮ ነበር፤ በመዳብ ሽቦ አስሬዋለሁ። አያምርም ግን ይይዛል። ከበሩ ኋላ ሰቅዬልሻለሁ።

አባትሽ