ለዋሽንግተን ዲሲ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ)፦ ጠጥቶ የመንዳት ቅጣቱን ለየሹፌሩ ለይታችሁ በአማርኛ ንገሩን

የተከበራችሁ የዲሲ ዲኤምቪ ኃላፊዎች፣

የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ስለምትሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የከተማው የቋንቋ ሕግ ለስንቶቻችን በር እንደከፈተ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ከፈተናው በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው።

ትራክ የሚነዳ ዘመድ አለኝ። አንድ እሁድ ትራኩን አቁሞ በቤት መኪናው ክርስትና ሄደ። ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ ግማሽ ሳይደርስ ሌላ ይጨመርበታል፤ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ይባላል። ስንት እንደጠጣ ራሱም አያውቅም። ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። ጥፋቱ የራሱ ነው፣ እሱም አልካደም። የጠበቀው የገንዘብ ቅጣትና የግዴታ ትምህርት ነበር። ሲዲኤሉ፣ ማለትም የትራክ መንጃ ፈቃዱ፣ ግን ለ1 ዓመት ታገደ። «ያኔ እኮ ሥራ ላይ አልነበርኩም፣ መኪናውም የራሴ ነው» ሲል ባለቤቱ የትራኩን የወር ክፍያ ወረቀት ይዛ ዝም ብላ ታየው ነበር።

ከፈተናው በአእምሮው የቀረው 0.08 የሚለው የተራ ሹፌር የደም አልኮል ልክ ብቻ ነበር። ትራክ ላይ ልኩ 0.04 ነው። በግል መኪናም ሰክሮ በመንዳት የተፈረደበት ባለ ሲዲኤል በፌዴራል ደንብ ለመጀመሪያው ጥፋት 1 ዓመት፣ ለሁለተኛው ዕድሜ ልክ ይታገዳል። ለተራ ሹፌር በአንዳንድ ስቴቶች የሚፈቀደው «ለሥራ ብቻ ንዳ» የሚል ፈቃድም ለትራክ አይሠራም።

በየድግሱ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ያስፈራኛል፦ «ፖሊስ ንፋ ቢልህ እምቢ በል»። በዲሲ እምቢታው ብቻውን መንጃ ፈቃድ ለ12 ወር ያሳግዳል። ባለ ሲዲኤሉንም እንደ ሰከረ ያስቆጥረዋል።

ድልድዩን ተሻግረን ቨርጂኒያ ስንገባ ነገሩ ይለወጣል። መለኪያው 0.16 ያሳየ ሰው እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ቢያንስ 5 ቀን ይታሰራል፤ ዲሲ ውስጥ የግድ እስር የሚጀምረው ከ0.20 ነው። ከ21 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቨርጂኒያ ላይ 0.02 ከደረሰ ለ1 ዓመት አይነዳም፤ በዚያ ላይ ቢያንስ 500 ዶላር ወይም 50 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት አለበት። ዲሲ ለዚህ ዕድሜ ከናካቴው መጠጥ አትፈቅድም። ልጆቻችን ግን ማታ ማታ በሁለቱም በኩል ይነዳሉ።

የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። ተራው ሹፌር፣ ባለ ሲዲኤሉና ከ21 በታች ያለው ለየብቻ ተጽፈው፣ «በግል መኪናም ቢሆን» የሚለው በጉልህ ፊደል ሰፍሮ፣ መንጃ ፈቃዱ ሲሰጥ አብሮ ይሰጥ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በ9ኛ መንገድ ምግብ ቤቶች ይለጠፍ። ረቂቁን አንብቦ አማርኛውን የሚያቃና ሰው ከፈለጋችሁ፣ እኔ በነጻ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲሲ ነዋሪ