ከኪዮቶ ለላሊበላው ወዳጄ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? ልጆቹ አድገው ይሆናል። ዝምታችን በጣም ረዘመ። መጀመሪያ ኔትወርክ ጠፋ፣ ቀጥሎ መንገዱ ተዘጋ፣ ከዚያ እንግዳ ከላሊበላ መራቁን ስሰማ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቸገረኝ። አሁን ግን ለአንተ ካልነገርኩት የማይወጣልኝ ነገር አለ። የአስጎብኚ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ጃፓን ልኮኝ ኦሳካ ነው ያለሁት። እሁድ ዕረፍት ስለነበረን ኪዮቶን በአስጎብኚ ለማየት ተመዘገብኩ። ኪዮቶ በፈረንጆቹ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። የመሩን ሴትዮ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እሳቸውን እያየሁ አንተን አስብ ነበር።

ሰው ሳይበዛ ብለው በጠዋት ፉሺሚ ኢናሪ ወሰዱን። የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓኖች ነባር እምነት፣ መቅደስ ነው። ኢናሪ የሩዝ አምላክ ነው ይላሉ፣ መልእክተኞቹም ቀበሮዎች ናቸው። በሩ ላይ የቆመው የድንጋይ ቀበሮ አፉ ላይ ቁልፍ ይዟል፤ የሩዝ ጎተራው ቁልፍ ነው አሉን። ከዚያ ወደ ተራራው ስትወጣ መንገዱ በሙሉ በቀይ የእንጨት በር የተሸፈነ ነው። ሁለት ምሰሶና ከላይ አግዳሚ ያለው፣ ቶሪ የሚሉት በር። በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ከሌላው ተጠጋግቶ እስከ ተራራው ጫፍ ይሄዳል። ተራራው 233 ሜትር ነው።

ሴትዮዋ ስንወጣ ምንም አላሉም። ጥቂት ከሄድን በኋላ «አሁን ዞር በሉ» አሉን። ዞር ስንል እያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ጥቁር ጽሑፍ አለ። ለካ የሰጪው ስምና የተሰጠበት ቀን የሚጻፈው በጀርባው በኩል ነው! ነጋዴው፣ ድርጅቱ፣ ቤተሰቡ ስለቱ ሲሰምርለት ወይም እንዲሰምርለት በር ያቆማል። እንጨቱ ሲበሰብስ ይነሳና ሌላ ይተካል። ይህን ሁሉ ታች ቆመው ቢነግሩን ኖሮ አንገታችንን ነቅንቀን እናልፈው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ከመግባታችን በፊት አስተጣጠቡን አሳዩን። በጭልፋ ግራ እጅ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ ከዚያ አፍ። ሲጸልዩ ሁለቴ ይሰግዳሉ፣ ሁለቴ ያጨበጭባሉ፣ አንዴ ይሰግዳሉ። እኔ በማተቤ ነኝና ዳር ቆሜ አየሁ። ሴትዮዋም ማንንም «አድርጉ» አላሉም። ይህን አክብሬላቸዋለሁ።

ኪዮሚዙ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ግፊያው ብዙ ስለነበር ቶሎ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ወጣ ብሎ የተሠራው ከፍታው 13 ሜትር የሆነ የእንጨት ሰገነት ግን ያስገርማል። ከታቹ በሦስት የሚወርድ ምንጭ አለ። ሰዉ ተሰልፎ ሲጠጣ ሳይ ጸበላችን ትዝ አለኝ።

ወርቃማው ቤተ መቅደስ ኪንካኩጂ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሁሉም ስልኩን አወጣ። ላይኛዎቹ ሁለት ፎቆች በወርቅ ተለብጠው ኩሬው ላይ ያበራሉ። ሴትዮዋ ወዲያው ነገሩን፤ የመጀመሪያው በ1397 የተሠራ ነበር፣ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጠለው፣ የምናየው በ1955 እንደገና የተሠራ ነው። አንዱ ቱሪስት ቅር አለው። እሳቸው አልተከራከሩትም። ኩሬውን፣ ደሴቶቹንና ጥዶቹን እያሳዩ ቀስ አድርገው አዞሩን። ሲወጣ ሰውየው ከሁላችንም ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ግን የምጽፍልህ በሪዮዋንጂ ምክንያት ነው፤ በድንጋይ አትክልት ቦታው የታወቀ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀህ ትገባለህ። የእንጨት በረንዳ ላይ ትቀመጣለህ። ፊትህ 25 ሜትር በ10 ሜትር ገደማ የሆነ ሜዳ አለ። ነጭ ጠጠር ብቻ ነው፣ በመንሽ መስመር በመስመር ተበጥሯል። ውስጡ 15 ድንጋዮች አሉ። ከድንጋዮቹ ሥር ከበቀለው የድንጋይ ሽበት በቀር አረንጓዴ ነገር የለም። ሴትዮዋ «ድንጋዮቹን ቁጠሩ» ብለው ዞር አሉ። ቆጠርኩ፣ 14 ሆነ። ቦታ ቀየርኩ፣ የጎደለው ወጣ፣ ሌላ ተደበቀ። የትም ብትቀመጥ አንዱ ይሰወርሃል። ቀስ በቀስ በረንዳው ጸጥ አለ። መቁጠሩንም ተውኩት። ማብራሪያው የመጣው ጫማችንን ካደረግን በኋላ ነው።

ያኔ ቤተ ጊዮርጊስ የወሰድከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ሌሎቹ አስጎብኚዎች ታሪኩን ከመንገድ ጀምረው ሲያወሩ፣ አንተ ዝም ብለህ እየመራኸኝ ድንገት ጣራው ላይ ያለው መስቀል ከእግሬ ሥር ታየኝ። ትንፋሼን እስክሰበስብ ጠበቅከኝ። ያን ጊዜ ባሕርይህ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሙያ እንደሆነ ገባኝ። መጀመሪያ ማሳየት፣ ከዚያ መንገር። ማን አስተማረህ?

ሌላም ላንሳ። በሪዮዋንጂ አትክልት ቦታ ውስጥ ሠራተኞች ቁጢጥ ብለው ከሽበቱ መካከል አረም በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። ሴትዮዋ እነሱ ጋ ቆመው ሰላም አሉ፣ ሥራቸውንም አስረዱን። እኔም ቤተ ክርስቲያኖቹን በየማለዳው የሚጠርጉትን ሰዎች አሰብኩ። አንድም ጎብኚ ስለ እነሱ ሲጠይቅ አልሰማሁም። አንተ ግን ታውቃቸዋለህ፤ እንግዳ ሲመጣ አስተዋውቅልኝ።

አሁን ሥራው እንዴት ነው? እንግዳ መምጣት ጀምሯል? ከወጣቶቹ አብሮህ የሚዞር አለ? ያንተን አመራር አይቶ የሚይዝ ሰው እንዲኖር በጣም እፈልጋለሁ። ካለ ስለ እሱ ጻፍልኝ።

ሰላም ከሆነ ለገና ከእናቴ ጋር ልመጣ አስቤያለሁ። ቁልቁለቱ ስለሚከብዳት ማረፊያ ቀረብ ያለ ቦታ ፈልግልን። ለእማማ ጉልበት ስመህልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ