ከጓሳ በላይ የት ይወጣል?

መሐል ሜዳ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ለሦስት ዓመት ዝምታዬ ሰበብ አላበዛም፤ ሰንፌ ነው። በሰው የላክልኝን የቦንጋ ማር በልቼ ዝም ማለት ግን ነውር ሆነብኝ። እናቴ ትጠይቅሃለች፤ «የበግ ጠጉር ባናውን ይለብሰዋል ወይ?» ትላለች። ለቦንጋ ዝናብ እንደማይሆን ላስረዳት ሞክሬ ነበር። አልሰማችኝም።

ዝናቡ ተዛብቶ፣ ቀፎ የሚሰቅሉት ሰዎች ጫካው መቼ እንደሚያብብ ግራ ገባቸው ያልከኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ድሮ ውርጭ አላስዘራ ይል የነበረ መሬት ላይ አሁን ገብስ ታያለህ። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ማረሻው ዳገቱን ይወጣል። ገበሬውን አልፈርድበትም፣ በልጉ እየከዳው ምን ያድርግ? የሚያሳዝነኝ ቀይ ቀበሮው ነው። በዓለም ላይ የቀረው 500 አይሞላም። እርሻ ሲመጣበት ወደ ላይ ይሸሻል። ከጓሳ፣ ከዚህ ከፍተኛ የሣር ሜዳችን በላይ ግን የት ይወጣል?

ባለፈው ወር ጠዋት ላይ አንዱን አየሁት። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ እሱ መሃላቸው ቀስ እያለ ይራመዳል። ግልገሎቹ አጠገቡ ይዘላሉ፤ ዞር ብሎም አያያቸው። ዓይኑ አይጥ ላይ ነው። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ቆጥረው ነበር፦ ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጉርብትና እንዲህ ነው እንጂ!

የጓሳ ሣር ድሮ ይጠበቅበት የነበረውን የቄሮን ሥርዓት ታስታውሳለህ አይደል፣ አያቶቻችን የሚያወሩትን? ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይታጨዳል። ሳይከፈት ማጭድ ይዞ የገባ ጉዱ ፈላ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሣሩም ያለጌታ ቀረ። ዛሬ ማኅበረሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ ይጠብቀዋል። እኔ ብዙ ጊዜ በሰው ሥራ አልደነቅም፤ በዚህ ግን እኮራለሁ።

አንድ ጥፋቴን ልንገርህ። ውሻችን በጎቹን ተከትሎ ጓሳ ገባና ጥበቃዎቹ ያዙት። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከገባ የቀበሮ ቤተሰብ ሙሉ እንደሚጨርስ እያወቅሁ ሳላስከትበው ከርሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት አንጀታቸው እስኪርስ ተቆጡኝ። በማግስቱ አስከተብኩት።

ለፋሲካ ና። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጓሳ አወጣሃለሁ። ብርዱን ረስተኸው ይሆናል፤ ባናውን ይዘህ ና፣ እናቴም ደስ ይላታል።

ወንድምህ