በጣና ዳርቻ የተጓዦች ፍሰት ጥናት ላይ የቀረበ ቅሬታ

ባሕር ዳር

ጥናቱን ላካሄደው የመረጃ ትንተና ድርጅት

ጉዳዩ፦ የተርሚናል ቦታዎች ልየታ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበራችን በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ መካከል ያለውን የተጓዥ ፍሰት ተንትናችሁ ተርሚናል፣ ማለትም የፍሰቱ ማዕከል፣ የሆኑትን ቦታዎች እንድትለዩልን ከድርጅታችሁ ጋር መዋዋሉ ይታወሳል። ውጤቱን የፈለግነው የቲኬት ቢሮና የዕቃ ማከማቻ የት እንደምንከፍት ለመወሰን ሲሆን፣ ሪፖርታችሁ ግን ከአንዱ በቀር ሁሉንም ወደቦች ተርሚናል ብሎ ስላቀረበ ለውሳኔ የሚበጅ ሆኖ አላገኘነውም።

በውሉ የሰፈረው የጂኦግራፊ ተመራማሪዎቹ ናይስቱንና ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1961 በዋሽንግተን ግዛት የስልክ ጥሪዎች ላይ የሠሩበት መለያ ነው። በዚህ መለያ አንድ ቦታ ተርሚናል የሚባለው ከእሱ የሚወጣው ትልቁ ፍሰት ከራሱ ወደሚያንስ ቦታ ሲሄድ ነው፤ የቦታው መጠንም ወደ እሱ በሚገባው ጠቅላላ ፍሰት ይለካል። እናንተ የተጠቀማችሁት ግን የተመራማሪዎቹን የሪልና የዊልሰንን መለያ መሆኑን የተረዳነው ከአባሪው የአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ እንጂ ከሪፖርቱ አይደለም። በዚህኛው መለያ የሚገባው ጠቅላላ ፍሰት ከሚወጣው ትልቁ ነጠላ ፍሰት ከበለጠ ቦታው ተርሚናል ይሆናል።

መለያው የጥንቷን ግሪክ ሰፈራዎች ለማጥናት ያገለገለ በመሆኑ በራሱ ስሕተት ነው አንልም። የእኛ ተጓዥ ግን ሄዶ ተመላሽ ነው። ከአንድ ወደብ 60 ሰው ወደ ባሕር ዳር፣ 20 ሰው ወደ ሌላ ወደብ ሄዶ ሁሉም ቢመለስ፣ የሚገባው 80፣ የሚወጣው ትልቁ ነጠላ ፍሰት ደግሞ 60 ስለሚሆን፣ ከአንድ በላይ መድረሻ ያለው ወደብ ሁሉ ያለምንም ማጣራት ተርሚናል ይሆናል ማለት ነው። አብዛኛው ተጓዥዋ ወደ ባሕር ዳር የሚሻገረው ዘጌ ራሷን የቻለች ማዕከል ተብላ መቅረቧን የትኛውም የጣና ጀልበኛ አይቀበለውም።

በተጨማሪም በደቅ ደሴት ውስጥ ከመንደር መንደር የሚደረገው ጉዞ ከራሱ ወደ ራሱ እንደሚሄድ ፍሰት ተቆጥሮ የደሴቲቱን መጠን ያለአግባብ አሳድጎታል።

ስለሆነም የውስጥ ጉዞው ከሰንጠረዡ ወጥቶ፣ ልየታው በውሉ መለያ እንደገና እንዲሠራ፣ ከውጤቱም ጋር የመነሻና መድረሻ ሰንጠረዡና ሙሉው ኮድ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲደርሰን እንጠይቃለን። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው እነዚህን ከተረከብን በኋላ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ሰብሳቢ