አሜሪካ የተወችውን ዩራኒየም የማበልጸግ ሙያ ትመልስ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአማርኛ ስለ ዩራኒየም ማበልጸግ፣ ማለትም ማዕድኑን ለኑክሌር ነዳጅነት ስለማብቃት፣ ሲወራ ወዲያው የሚነሳው የኢራን ስም ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የምኖርባት የአሜሪካ ጉዳይ ነው። በዚህ ሙያ ዓለምን ትመራ የነበረች አገር የፓይክተን ኦሃዮው ግዙፍ ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ2001፣ የፓዱካ ኬንታኪው ደግሞ በ2013 ማበልጸግ አቆሙ።

እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2013 ከሩሲያ የኑክሌር አረሮች የወጣ 500 ቶን እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም ተበርዞ ለአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ ሆኗል። ስምምነቱ ድንቅ ነበር፤ ለጥፋት የተሠራ አረር መብራት ሲያበራ ማን ይጠላል? ጥፋቱ በእርሱ ተዘናግቶ የራስን እጅ ማጠፍ ነው።

በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ለማመንጫ የሚፈለገው ዩራኒየም 235 የተባለው ዓይነት ከ0.7 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ከ3 እስከ 5 በመቶ ለማድረስ ወደ ጋዝነት ተለውጦ እጅግ ፈጥነው በሚሽከረከሩ ሴንትሪፉጆች ደጋግሞ ማለፍ አለበት። ይህን መሣሪያ የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ በአንድ የበጀት ዓመት አይሠለጥንም።

በ2024 የሩሲያ የበለጸገ ዩራኒየም ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ ወጥቷል፤ በልዩ ፈቃድ ማስገባት የሚቻለውም እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። በፓይክተን በ2023 ሥራ የጀመሩት አዳዲስ ሴንትሪፉጆች ግን 16 ብቻ ነበሩ። በዩኒስ ኒው ሜክሲኮ ያለው ትልቁ ፋብሪካም የአውሮፓውያን ኩባንያ ንብረት ነው።

ስለዚህ ኮንግረሱ የረጅም ዘመን የግዢ ውል ይግባ፤ ያለዚያ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት አይገኝም። በአሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ለታመሙ ሠራተኞች መንግሥት ዛሬም ካሣ ይከፍላል፤ የአዲሶቹ ሠራተኞች የጤና ክትትል ከመጀመሪያው ቀን በውሉ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከኦሃዮ